መሬቱን አልብሱት፦ በባሕር ዳር ግቢ አረምን በተክል የመተካት አሠራር

ባሕር ዳር ላይ ግቢ ያለው ሰው የክረምቱን ነገር ያውቀዋል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ይገባል። ሐምሌ ሳያልቅ ሙጃው ጉልበት ይደርሳል። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ለእንቁጣጣሽ ግቢው እንዲያምር ማጭድ የያዘ የቀን ሠራተኛ ይጠራል። ይታጨዳል፣ ይጠረጋል፣ ትንሽ ጊዜ ደስ ይላል። ከዚያ የታጨደው ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ቀድሞ የረገፈው ዘር ደግሞ አፈር ውስጥ ሆኖ ቀጣዩን ሰኔ ይጠብቃል።

በየዓመቱ ገንዘብ ይወጣል፤ በየዓመቱ አረሙ ይመለሳል። ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም። መሬቱ ባዶውን ስለሚቀር ነው። ጥቃቅን ዘር ያላቸው ብዙ አረሞች ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋሉ። አፈሩ ሲራቆት ብርሃኑን ያገኙታል። በቆፈርን ቁጥርም ከታች የተቀበረውን ዘር ወደ ላይ እናወጣዋለን። ስለዚህ ነቀላ ብቻውን አይበቃም። ከነቀላው በኋላ ቦታውን የሚይዝ ሌላ ተክል ያስፈልጋል። ዝቅ ብሎ፣ ጥቅጥቅ ብሎ፣ አፈሩን ከፀሐይ የሚጋርድ ተክል።

ከታች ያለው አሠራር ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር አየር የሚስማማ ነው። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዝናቧ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ረጅም ደረቅ ወራት ይመጣሉ። እዚህ የሚተከል ነገር ሁለቱንም መቻል አለበት፦ ክረምት ላይ የሚተኛውን ውሃና መጋቢት ላይ የሚሰነጠቀውን መሬት።

1. መጀመሪያ ግቢውን ተመልከቱ

ተክል ከመግዛታችሁ በፊት ግቢያችሁን በሦስት ከፍላችሁ እዩት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘው የቱ ነው? በማንጎ፣ በአቮካዶ ወይም በግድግዳ ጥላ ሥር ያለውስ? እግር የሚበዛበትስ? ልጆች የሚሮጡበት፣ ልብስ የሚሰጣበት፣ ከበር እስከ ሳሎን የሚኬድበት ማለቴ ነው። ለሦስቱም አንድ ተክል አይሆንም።

ቀጥሎ አፈሩ ነው። ብዙ ግቢ ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ላይ እግር ይይዛል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሌላው ቀይ አፈር ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ለመቆፈርም ይቀላል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉት። ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በማግስቱም ካልሰረገ ቦታው ውሃ ያቁራል ማለት ነው። እዚያ ላይ ተክሉን ከፍ ባለ መደብ ላይ እንጂ በመሬቱ ልክ አትተክሉም።

2. ጠላታችሁን ለዩ

ሁሉም አረም አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን ሳይለዩ መትከል ገንዘብ መበተን ነው።

በዘር ብቻ የሚራቡት ቀላሎቹ ናቸው። ሙጃ፣ ጨጎጊት፣ መጭና አስተናግር ከዚህ ይመደባሉ። አበባቸው ዘር ከመሆኑ በፊት ከነቀላችኋቸው ነገሩ አለቀ። ለዚህ ነው ለበዓል ተብሎ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚደረገው አጨዳ ብዙም የማይረዳው። ለአንዳንዶቹ ያን ጊዜ ረፍዷል።

ከነዚህ ውስጥ ጥንቃቄ የሚሻ አንድ አለ፦ ፓርቲኒየም። አንዳንዶች ቅንጨ አረም ይሉታል። ቅጠሉ የተቆራረጠ፣ አበባው ነጭና ደቃቅ ነው። ቆዳ ያሳክካል፤ አስም ያለበትን ሰው ያስነሳል። አንዱ ተክል ብቻ ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ስትነቅሉት ጓንት አድርጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን አታሰማሩበት።

ከባዶቹ ከመሬት በታች የሚሄዱት ናቸው። ሰርዶ በመሬት ላይም በመሬት ውስጥም ይሳባል። አንድ አንጓ ያለው ቁራጭ ከቀረ እንደገና ይበቅላል። እንግጫ ደግሞ ከሥሩ ጥቃቅን ጠጣር ፍሬ መሳይ እብጠቶች ያበጃል። ከላይ ስትነቅሉት ቅጠሉ ብቻ ይመጣና እብጠቱ መሬት ውስጥ ይቀራል፤ በሳምንቱ አዲስ ቅጠል ይልካል። ግቢያችሁ ውስጥ ሰርዶ ወይም እንግጫ ካለ የማጽዳቱን ሥራ አታሳጥሩት። በላያቸው ላይ የተተከለ ማንኛውም ተክል ውስጥ ለውስጥ ይበቅላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ተክሉን ሳይጎዱ ማውጣት በጣም አስቸጋሪ ነው።

3. ማጽዳት፦ ሥራው በጋ ላይ ነው

ብዙ ሰው አረም የሚያስታውሰው ዝናብ ሲገባ ነው። ሰርዶን ለማጥፋት ግን ጥሩው ጊዜ የካቲትና መጋቢት ነው። በነዚያ ወራት ፀሐዩ ይሠራላችኋል።

በመጀመሪያ ከላይ ያለውን አጭዳችሁ አንሱ። ከዚያ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ። ዋልካው ድንጋይ ሆኖ ካስቸገረ ከአንድ ቀን በፊት ውሃ አጠጡት። ባለ ጥርስ ዶማ ካገኛችሁ ከሙሉው ዶማ ይሻላል፤ ሙሉው ሥሩን ቆራርጦ ያበዛዋል። ጓሉን እየመታችሁ ነጫጭ ሥሮቹን ለቅማችሁ አውጡ። የወጣውን ሲሚንቶ ወይም ቆርቆሮ ላይ አስጡት። ደርቆ ሲሰበር ብቻ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይግባ። እርጥብ ሰርዶ ኮምፖስት ውስጥ መጣል ማለት አረሙን አባዝቶ መልሶ መበተን ነው።

የተቆፈረውን መሬት ቶሎ አትከስክሱት። ጓሉ ተገልብጦ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ፀሐይ ይምታው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ አልፎ አልፎ የምትጥለው ዝናብ ስትመጣ የቀረው ሁሉ ብቅ ይላል። ይህን ዕድል ተጠቀሙበት። ገና ሁለትና ሦስት ቅጠል ሳለ በመኮትኮቻ ላይ ላዩን ፋቁት። በዚህ ጊዜ ጠልቃችሁ አትቆፍሩ፤ ከታች ያለውን ዘር እንደገና ታነቁታላችሁ። ሌላ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ፋቁ። በዚህ መንገድ ላይኛው አፈር ውስጥ ያለው የዘር ክምችት ከመትከላችሁ በፊት በጣም ይቀንሳል።

እንግጫ የተለየ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥቁር ላስቲክ ብታነጥፉበት ሹል ቡቃያው ላስቲኩን ይበሳዋል። የሚያደክመው ተደጋጋሚ ነቀላና ጥላ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅጠሉን ስትወስዱበት መሬት ውስጥ ያስቀመጠውን ስንቅ እየጨረሰ ይሄዳል። ጥላ ደግሞ ፈጽሞ አይወድም። በእንግጫ ለተያዘ ቦታ ስኳር ድንችን አስቀድሜ የምመክረው ለዚህ ነው፤ ሐረጉ ወፍራም ጥላ ይሠራል።

መቆፈር ለማትችሉ ሌላ መንገድ አለ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ አረሙን እስከ መሬት አጭዳችሁ ካርቶን አንጥፉበት። ፕላስተሩንና ሽቦውን አስቀድማችሁ አውልቁ። አንዱ ካርቶን በሌላው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደረብ፤ ክፍተት ካለ ሰርዶ ያገኘዋል። በደንብ አርሱትና 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ኮምፖስት ወይም የበሰበሰ ቅጠል አልብሱት። ካርቶኑን በቢላ ቀዳድታችሁ ችግኙን ትተክላላችሁ። ዝናቡ ሲያልቅ ካርቶኑም በስብሶ አልቋል። ይህን በጋ ላይ አታድርጉት፤ ደረቅ ካርቶን ምስጥ ይጠራል።

የአረም መድኃኒትስ? እኔ ለቤት ግቢ አልመክረውም። በገበሬው ዘንድ ቱፎርዲ የሚባለው ሰፋ ያለ ቅጠል ያለውን ብቻ ነው የሚገድለው። ሰርዶውን ትቶ ለመትከል ያሰባችሁትን ስኳር ድንች ያደርቅላችኋል። ከዚህ በላይ ግን የባሕር ዳር የጎርፍ ቦይ ወዴት እንደሚሄድ አስቡት። ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ነው። ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ያለበት ቤትም ብዙ ነው።

4. አፈሩን ማዘጋጀት

የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት በካሬ ሜትር አንድ ትልቅ ባልዲ ይበቃል። ከላይኛው 10 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር አደባልቁት። ፍጉ ያልበሰበሰ ከሆነ ተዉት፤ ከብቱ የበላው የሣር ዘር በሕይወት ይወጣና ለወራት የደከማችሁበትን ያበላሻል።

ዩሪያ አትጠቀሙ። ለሚሸፍን ተክል ያን ያህል አያስፈልግም። ትርፉን ዝናብ አጥቦ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል። እምቦጭ ጣና ላይ እንዲህ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ከየማሳውና ከየከተማው ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው።

ዋልካ ላይ ከሆናችሁ መደቡን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። በጎንና በጎኑ ውሃ መውረጃ ይኑረው። ቀይ አፈር ላይ ይህ አያስፈልግም።

5. ምን እንትከል?

ከሙሉ ፀሐይ እንጀምር። እዚያ የመጀመሪያ ምርጫዬ ስኳር ድንች ነው። ሰው ምግብ እንጂ የግቢ ሽፋን አድርጎ አያየውም። ግን በባሕር ዳር ከፍታ ላይ በደንብ ይሄዳል፣ ተካዩ (የሚተከለው የሐረግ ቁራጭ) ርካሽ ነው፣ በሁለት ወር ገደማ መሬቱን ይዘጋል፣ ቅጠሉ ይበላል፣ በግ ይወደዋል። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ዓይነት ደግሞ ለልጆች የቫይታሚን ኤ ምንጭ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። ሥሩን ለማውጣት ስትቆፍሩ ሽፋኑ ይከፈታል። በጋ ላይ ውሃ ካጣም ሐረጉ ይደርቃል። ለሁለቱም መላ አለው፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ዱባ የአንድ ክረምት ሽፋን ነው። ሰፊ ግቢ ኖሮ ለሁሉም ቦታ ተካይ ማግኘት ካልቻላችሁ ግማሹ ላይ ዱባ ዝሩበት። ትልልቅ ቅጠሉ አረሙን እስከ መስከረም ያፍናል። ከዚያ ቦታው ለሚቀጥለው ተክል ዝግጁ ይሆናል።

ማገት በዚህ አገር የሚበቅል የራሳችን ተክል ነው። መስከረም ላይ የሜዳ ዳር የሚሸፍነው፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው፣ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣው ማለት ነው። ዋልካ ላይ ውሃ ሲተኛም አይሞትም፤ ሌላው ሲበሰብስ እሱ ይቆማል። ናይትሮጂን ከአየር ወስዶ አፈሩን ያለማል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ራሱ ሲደርቅ ዘሩን እየለቀማችሁ አኑሩት፤ ሰኔ ላይ ላይ ላዩን ዝሩት። አብዛኛው ዓይነት በጋ ላይ ይደርቃል። ድርቆሹን አትጥረጉት፤ እሱም አፈር ይሸፍናል፣ ዘሩም እዚያው ይረግፋል።

ከጓሮ በኩል፣ በተለይ በፍራፍሬ ዛፎች መካከል፣ ዴስሞዲየም ጥሩ ነው። የከብት መኖ ነው። በቆሎና ማሽላ መካከል ተዘርቶ አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም ለመከላከልም ይሠራበታል። በግ ወይም ላም ያለው ቤት ሁለት ጥቅም ያገኝበታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ቀስ ይላል፤ ያን ጊዜ ካላረማችሁለት ይዋጣል። ከያዘ በኋላ ግን ማንንም አያስጠጋም። የዘር ቅርፊቱ ልብስ ላይ ስለሚጣበቅ መተላለፊያ አጠገብ አታድርጉት። ዘር ወይም ቁራጭ የት እንደሚገኝ ለመጠየቅ ወደ ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው።

ቧንቧ አጠገብ፣ ሁልጊዜ እርጥበት ባለበትና ግማሽ ጥላ በሆነበት ቦታ ናና ትከሉ። ለሻይ ይሆናል፣ ሽታው ደስ ይላል፣ መሬቱን በፍጥነት ይይዛል። እንዲያውም በጣም ስለሚይዝ ዙሪያውን 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ የገባ ድንጋይ ወይም ብሎኬት አድርጉለት።

ጥላ ላይ ብዙ አትድከሙ። ከማንጎ ሥር ሙጃም ብዙ አይደፍርም። ዘጌ ደን ውስጥ ገብቶ ወደ መሬት ያየ ሰው ይህን ያውቃል፦ ቡናውና ጌሾው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፣ መሬቱን የወደቀ ቅጠል አልብሶታል። ግቢ ውስጥ ግን ጠዋት ጠዋት ከማንጎው ሥር ቅጠሉን ሙልጭ አድርገን እንጠርጋለን፤ ከዚያ መሬቱ ይራቆትና አረም ይወጣል። ከዛፉ ሥር ቅጠሉን ተዉት። ለማማር ያህል ረጃጅም ቀጫጭን ቅጠል ያለውን፣ መሐሉ ነጭ መስመር የሆነውን፣ ልጆቹን በክር ላይ አንጠልጥሎ የሚወልደውን ክሎሮፊተም እዚህም እዚያም ሰካ ሰካ አድርጉ። ልጆቹን እየቆረጣችሁ ስለምትተክሉ የምትገዙት ጥቂት ብቻ ነው።

እግር የሚበዛበት ቦታ ሣር እንጂ ሌላ አይችለውም። ፓስፓለም የሚባለው ሣር በችግኝ ጣቢያዎች ይገኛል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ሰርዶው አስቀድሞ ሞልቶ ከሆነ እዚያ ላይ አትታገሉት። ዝቅ አድርጋችሁ እጨዱት። መረገጥም ድርቅም የሚችል የሜዳ ሣር ነው። የሚፈለገው ወደ መደቡ እንዳይሻገር አጥር ማድረግ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ላይ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል፤ ሁለት ረድፍ ቅበሩ፣ መሐሉን በየወሩ በአካፋ ቁረጡ።

ተዳፋት ያለበት የቦይ ዳር ላይ ቬቲቨር የሚባለው ሣር ጥሩ ነው። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ አፈር ይይዛል፤ ወደ ጎን አይስፋፋም። ለመደብ ጠርዝ ደግሞ ጠጅ ሳር፣ በሶብላና ጤና አዳም አለላችሁ። ጠጋ ጠጋ ተደርገው ከተተከሉ አረም መግቢያ ያጣል፤ ቡናም በጤና አዳም ይጠጣል።

ከዚህ ውጭ አበባቸው አምሮ የሚሸነግሉ ሦስት ተክሎች አሉ። አትትከሏቸው። የወፍ ቆሎ፣ ዌደሊያ እና እምቦጭ። ሦስቱም የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካወጣው የ100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ዌደሊያ ቢጫ አበባ ያላት፣ ቅጠሏ የሚያብለጨልጭ፣ መሬት ለመሬት የምትሳብ ናት። ሻጭ «ምንም እንክብካቤ አትፈልግም፣ ቶሎ ትሸፍናለች» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ከግቢ ከወጣች በእርጥብ ቦታ ሁሉ ትቀጥላለች። የእምቦጭን ጉዳት ለጣና ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም። ከሐይቁ የወጣ እምቦጭ ሲከመር ለአፈር መሸፈኛ ለመውሰድ የሚያስብም አለ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የግቢያችሁ ቦይ ወደ ሐይቁ የሚፈስ ከሆነ ባታመጡት ይሻላል።

6. አተካከል

ጊዜው ዝናቡ ከተደላደለ በኋላ፣ ከሰኔ ማብቂያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ነሐሴ ላይ ዋልካው ውሃ ጠግቦ ስለሚውል አዲስ ቁራጭ ይበሰብሳል። ካመለጣችሁ እስከ መስከረም ቆዩ። የዚያን ጊዜ የሚተከለው ግን በጋ ላይ ውሃ ልታጠጡት የምትችሉትን ያህል ብቻ ይሁን።

ስንት ያስፈልጋል? በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተከላችሁ በካሬ ሜትር 11 ያህል፣ በ25 ከሆነ 16፣ በ20 ከሆነ 25 ነው። ለምሳሌ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ቦታ 12 ካሬ ነው። ስኳር ድንች በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ብትተክሉበት 130 ገደማ ቁራጭ ትፈልጋላችሁ። ናና እና ክሎሮፊተም በ20 ወይም በ25 ይሁኑ። አራርቆ መትከል ርካሽ ይመስላል፤ ክፍተቱን ግን አረም ይሞላዋል። ተካይ ካነሰባችሁ መላውን ግቢ አራርቃችሁ ከምትሸፍኑ ሩብ ግቢውን አጠጋግታችሁ ሸፍኑ፤ ሌላውን በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው እየቆረጣችሁ።

ረድፎቹን ፊት ለፊት አታድርጓቸው። የሁለተኛው ረድፍ ተክል በመጀመሪያው ረድፍ ሁለት ተክሎች መሐል ትይዩ ይግባ። እንዲህ ሲሆን ቶሎ ይጋጠማሉ።

ስኳር ድንችን ከሐረጉ ጫፍ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አንሱ። ሁለት ሦስተኛውን አጋድማችሁ ቅበሩ። በደመናማ ቀን ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ትከሉ። በዙሪያው ያለውን አፈር በእጅ ጫን አድርጉት።

ወዲያው በተክሎቹ መካከል ያለውን ባዶ አፈር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሱት። ደረቅ ቅጠል፣ የቡና ገለባ፣ የጤፍ ጭድ፣ የተገኘው ይሆናል። ጭዱ ዘር ያለበት እንዳይሆን አይታችሁ ውሰዱ። ከተክሉ አንገት ትንሽ ይራቅ፤ ከነካው ያበሰብሳል።

ዶሮ ካላችሁ ያን ዕለት አጥር ሥሩለት። ዶሮ አዲስ የተኮተኮተ አፈር ካየች ሁሉንም ጭራ ታወጣለች። የዛፍ ቅርንጫፍ በላዩ ላይ መጣል ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበቃል።

ከቤቱ ግድግዳ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቁ። በተለይ የጭቃ ቤት ከሆነ እርጥበቱ ግድግዳውን ይጎዳል፤ ምስጥም መንገድ ያገኛል። እዚያ ላይ ጠጠር አድርጉ። እባብ ለሚፈሩም ይህ ባዶ መስመር ይጠቅማል። ቅጠል ወባ ያመጣል የሚሉም አሉ። የወባ ትንኝ የምትራባው በቆመ ውሃ ነው እንጂ በቅጠል ውስጥ አይደለም። ስለዚህ መደብ ስታወጡ የተቆፈረው ጎድጓዳ ውሃ እንዳይዝ ደልድሉት።

7. የመጀመሪያው ክረምት

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ተከልኩ ብሎ ይተወዋል። ተክሉ እስኪጋጠም ድረስ መሬቱ ገና የአረም ነው። ከተከላችሁ በሁለት ሳምንት የመጀመሪያውን አረም በእጅ ንቀሉ። በዶማ አይሆንም፤ አዲሱን ሥር ይቆርጣል። ዝናብ ካባራ በኋላ አፈሩ ለስላሳ ሲሆን ከነሥሩ ይመጣላችኋል። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ጳጉሜን ቀጥሉ። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው እየቀለለ ይሄዳል።

የስኳር ድንች ሐረግ በየአንጓው ሥር ሲያወጣ ለሽፋኑ ጥሩ ነው። የሚበላ ሥር እንዲያፈራላችሁ ከፈለጋችሁ ግን በመደቡ ግማሽ ላይ ሐረጉን አንሥታችሁ መልሱት።

የሞተ ቁራጭ ካያችሁ በዚያው ሳምንት ተኩት። ክፍተት እስከ ነገ አይጠብቅም።

8. በጋ ላይ

ከኅዳር ጀምሮ ውሃ ያስፈልጋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በደንብ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይሄዳል። ጠዋት ወይም ማታ ይሁን። አትክልት የታጠበበት ውሃ ይሆናል። ኦሞና በረኪና ያለበት አይሆንም።

ስኳር ድንቹ ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትቆፍሩ። አንድ መስመር ቆፍሩ፣ ያንኑ ቀን የሐረጉን ጫፍ መልሳችሁ ሰኩበት፣ ቅጠል አልብሱት። በሚቀጥለው ወር ሌላውን መስመር። ውሃ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ቧንቧ አጠገብ አንድ ካሬ ሜትር ብቻ አለምልሙ። የሚቀጥለው ሰኔ ተካይ ከዚያ ይገኛል። ሌላው ቢደርቅም ድርቆሹ መሬቱ ላይ ይተኛ።

ናናውን በወር አንዴ ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ይታደሳል። ዴስሞዲየሙን ስታጭዱ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ ይሁን።

9. ሁለተኛው ዓመት

ሰኔ ሲገባ ግቢውን ዞራችሁ እዩ። መሬት በዓይን የሚታይበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ብቻ ሥሩ። ማገቱ በራሱ ይወጣል። ከሽፋኑ በላይ አንገቱን ያወጣ ጨጎጊት ወይም ሙጃ ስታዩ በእጅ ሳብ ማድረግ ይበቃል። ሥራው በዚህ ዓመት በየሁለት ሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ በወር አንዴ ሊሆን ይችላል። ሰርዶን ግን ድንበሩ ላይ ተከታተሉት፤ ከጎረቤት በአጥር ሥር ይመጣል።

የምትከረክሙትንና የምትነቅሉትን ሁሉ ከግቢ አታውጡ። ቦይ ውስጥ የተጣለ ቁራጭ ውሃ ወስዶት ሐይቁ ዳር ሥር ይሰዳል። ዘር የሌለው ለበግ ወይም ለኮምፖስት ይሂድ። ዘር ያፈራው ደርቆ ይቃጠል።